ያልተበሳው የዘይት ጄሪካን

የአንድ ሰው ዕድሜ በመጨረሻው ሲጨመቅ ምን ይወጣዋል? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ ስወረውር፣ ደወሉ ሲደወል ደግሞ መልሱን ሳልጠብቅ ክፍሉን ለቅቄ ስወጣ ኖሬያለሁ። የፍልስፍና መምህር ጥያቄውን ከጠየቀ ሥራውን ሠርቷል። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ፣ እዚሁ ፓኪስታን፣ ራዋልፒንዲ ከተማ፣ ቤቴ ሰገነት ላይ ስቀመጥ ጥያቄው ተመልሶ የሚመጣብኝ በአንድ ካምቢዮ ጠጋኝ መልክ ነው። ኡስታድ ሪያሰት ይባል ነበር። እኔን ፕሮፌሰር ሳሂብ ይሉኛል፣ እሱን ኡስታድ፣ የእጅ ሙያ መምህር እንደማለት፣ ይሉት ነበር። ከሁለታችን ማዕረጉን የሠራበት ማን እንደሆነ ለመፍረድ አልቸኩልም።

ጋራዡ ቻህ ሱልጣን ውስጥ፣ የመኪና ዕቃ ሻጮች በሚተራመሱበት መንገድ ዳር ነበር። ከበሩ በላይ በተወጠረ ሽቦ ላይ ባዶ የዘይት ጄሪካኖች ተንጠልጥለው ይታያሉ። ሁሉም ግርጌያቸው በሚስማር ተበስቷል፤ ሆዳቸው ላይ ዘይቱ የገባላት መኪና ሰሌዳ ቁጥር በነጭ ቀለም ተጽፏል። በእኛ ከተማ ባዶ ጄሪካን አይጣልም። ቆራሌው ይገዛዋል፣ ከቆራሌው ሌላ ሰው ይገዛዋል፣ አንድ ጓሮ ውስጥ ያገለገለ ዘይት ተጣርቶ ይሞላበታል፣ አዲስ ክዳን ይገጠምለታል፣ በሳምንቱ መደርደሪያ ላይ ተመልሶ ጉብ ይላል። ስለዚህ ነቃ ያለ ሰው ዘይት ሲያስቀይር ጄሪካኑን ዓይኑ እያየ ያስበሳል። ኡስታድ ሪያሰት ግን ማንም ሳይጠይቀው ይበሳል፣ መኪናዋ ለሚቀጥለው ዘይት እስክትመለስም ሰቅሎ ያቆየዋል። ሽቦው ስሙ ነበር። ሌላ ማስታወቂያ አልነበረውም።

እንዲህ ያደረገው ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ነግሮኛል። በሃያ ሁለት ዓመቱ ለአንድ የሕዝብ ማመላለሻ የፍሬን ዘይት ሞላ። ጄሪካኑ አዲስ፣ ክዳኑ ያልተነካ ነበር። መኪናው ከሙሪ ተራራ ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ አለ፤ ከተሳፋሪዎቹ መካከል አንዲት ሙሽራ እግሯን አጣች። ጥፋቱ የሻጩ ነው ብለው ያጽናኑት ነበሩ። እሱ ግን አልተቀበለም። “እኔ አልጠረጠርኩም፤ ጥፋቴ እሱ ነው” አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ በእሱ ዘንድ ግን ያልጠረጠረውም ሌላ፣ የተመነጠረችውም ሌላ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሳያሸት የሚያፈሰው ዘይት፣ በብርሃን ሳያይ የሚቀበለው ቤንዚን አልነበረም። ሻዩን እንኳ ከመጠጣቱ በፊት ወተቱ ላይ ጎንበስ ይላል።

ወደዚህ ሰው የወሰድኩት የታናሽ ወንድሜን የማቅሱድን ልጅ ዛርጋምን ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ነጭ መኪናውን ከገዛ ገና ዓመት አልሞላውም። መኪናዋ የተመዘገበችው በእኔ ስም ነው። ከዘመዶቼ መካከል የግብር ወረቀቱን በየዓመቱ አሟልቶ የሚያቀርብ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ምዝገባው እንዲቀልላቸው የሚገዙትን ሁሉ በስሜ ያስመዘግባሉ። በወረቀት አራት መኪና አለኝ፤ የምሄደው በእግሬ ነው።

መኪናዋ ትንሽ ሞተር ላይ ቱርቦ የተጫነባት ናት። ካምቢዮዋ እንደ ድሮው ማርሽ የለውም፤ ሁለት ፑሌጃዎች፣ በመካከላቸውም አንድ የብረት ቺንጋ አለ። ፑሌጃዎቹ እየጠበቡ እየሰፉ ፍጥነቱን ያለ ደረጃ ይለውጡታል። ዛርጋም ይህቺው መኪና ጉልበት እንድትጨምርለት ፈለገ። ጓደኞቹ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ወደ ሙሪ በሚወስደው አዲሱ መንገድ ላይ ይሽቀዳደማሉ፤ እሱ ሁልጊዜ ሦስተኛ ነበር።

ኡስታድ በዛርጋም ስልክ ላይ የተጻፈውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አነበበ። ትልቅ ቱርቦ፣ ሰፊ የጭስ ማውጫ፣ የተቀየረ የሞተር ኮምፒውተር፣ ሌላም ሌላም።

“ማነው የጻፈልህ?” አለው።

“ኢንተርኔት ላይ ነው ኡስታድ ጂ።”

“ተራራ ላይ ስትቆም ኢንተርኔቱ መጥቶ ይጎትትሃል?”

ዛርጋም ሳቀና ወደ እኔ፣ ወደ ታላቅ አጎቱ ዞረ። “ታያ ጂ፣ እኚህ ሰውዬ የአላህን ዝናብ ራሱ አሽትተው ነው መሰለኝ የሚቀበሉት።”

“ይኼ ሁሉ ጭስ እያለ? አዎ፣ አሸተዋለሁ” አለ ኡስታድ ፊቱ ሳይፈታ። ከዚያ አሮጌ ቺንጋ ከመሳቢያ አውጥቶ እጁ ላይ አስቀመጠለት። “ስማ ልጄ፤ ጉልበቱን የሚያወጣው ሞተሩ ነው፣ ፍዳውን የሚያየው ግን ይኼ ነው። ጥርስ የለውም። በመጨበጥ ነው የሚይዘው። ከአቅሙ በላይ ስትገፋው ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ፑሌጃውን ይቧጭረዋል፤ ከተቧጨረ በኋላ ዱዓ አድርግለት።”

ምርጫው እሱ ዘንድ ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ ለካምቢዮው ዘይት የራሱ ትንሽ ራዲያተር፤ ምክንያቱም የጋለ ዘይት ቺንጋውን ያስከዳል። ቀጥሎ ቱርቦው የሚገፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር በትልቅ ይለወጥ። ኮምፒውተሩ መጨረሻ ላይ፣ ያውም በጥቂቱ፤ ሞተሩ ገና ዝግ ብሎ ሲዞር የሚመጣው ግፊት ጨርሶ አይነካ፣ ጭማሪው ሞተሩ ሲፈጥን ብቻ ይሁን። ትልቁን ቱርቦ ግን በዚህ ካምቢዮ ላይ አልገጥምም አለ።

ትንሹን ራዲያተር የሚሸጠው ከመንገዱ ማዶ ያለ ሰው ነበር፤ የኡስታድ የሚስቱ ወንድም መሆኑን ዛርጋም በሹክሹክታ ነገረኝ። ልቤ ጠረጠረ። አልዋሽም፣ ያን ቅደም ተከተል በሙሉ ከማዶው ሱቅ አንጻር እንደገና አሰላሁት። ኡስታድም ፊታችንን አነበበው መሰለኝ፣ ካሻችሁ ከሌላ ቦታ ግዙ፣ እኔ ሳላየው ግን አይገጠምም አለን። ከሌላ ቦታ ገዛን። ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ሳያከብረን አልቀረም።

“ካፒቴን ግን ኮምፒውተሩን ብቻ ነክቼ እጥፍ ጉልበት አወጣላታለሁ ብሎኛል” አለ ዛርጋም። ካፒቴን የሚሉት ኢስላማባድ ውስጥ በላፕቶፕ መኪና የሚያበረታ ሰው ነው።

“ካፒቴንህ መርከቧ ስትሰጥም ቀድሞ የሚዘል ቢሆንስ?” አለ ኡስታድ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። “ፕሮፌሰር ሳሂብ፣ ይኼ ልጅ ከዚህ ወጥቶ እዚያ ነው የሚሄደው።”

“ወላሂ አልሄድም።”

“ማልልኝ አላልኩህም። የማለልኝ ሰው ጥርጣሬዬን ነው የሚጨምርብኝ።”

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን አራት ጄሪካን የካምቢዮ ዘይት አንድ በአንድ ከፈተ፣ አሸተተ፣ በጣቶቹ መካከል አሻሸ፣ አፈሰሰ። ሦስቱን በስቶ ሰሌዳውን ጻፈባቸው። አራተኛውን ሲያነሳ፣ ሰገነቴ ላይ ላለው ናና ውሃ ማጠጫ እንዲሆነኝ ሳይበሳ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። ሚስማሩ እጁ ላይ ቆመ። ጄሪካኑን አየ፣ እኔን አየ። እንደ እኔ ያለ ጢሙ የሸበተ አስተማሪ በኛ አገር ለትንሽ ነገር እምቢ አይባልም፤ ማሳፈር ነው። ሰጠኝ። “ለማንም እንዳይተላለፍ” አለኝ ብቻ። ቤቴ ወስጄ ውሃው በደንብ እንዲወርድ አፉን በቢላ ቆርጬ አሰፋሁት።

ስድስት ሳምንት ያህል ሰላም ነበር። በዚያ መሃል ዛርጋም አንድ ቀን ሐኪም ቤት ሲያደርሰኝ መኪናዋ ጀርባዬን ከወንበሩ ጋር አጣበቀችው፤ የቱርቦው ፉጨትም እንደ በፊቱ አልነበረም። ምን አደረግካት አልኩት። ዘይቱ ተስማማት አለኝ። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። አስተውያለሁ፤ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ግን ነቀዘ።

አንድ ዓርብ መኪናዋ የሙሪን ዳገት እኩሌታ ሳትጨርስ አቃሰተች። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይታዘዝም። በጎታች መኪና ወደ ከተማ ወረደች። በማግስቱ ጠዋት ዛርጋም ቻህ ሱልጣን መንገድ መሃል ቆሞ፣ የተሸጠልኝ ዘይት የተቀባ ውሃ ነው እያለ ለሰው ሁሉ ይናገር ጀመር። ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም ሽቦውን ቀና ብሎ አየ፣ የዛርጋምን ሰሌዳ ፈለገ፣ ቆጠረ። ሦስት።

“አራተኛው የት ገባ ኡስታድ?” አለ ካንዴላ የሚሸጠው ላላ ነዚር። ለሠላሳ ዓመት ጎረቤቱ ነው። “ሠላሳ ዓመት ስንበሳ ኖረን፣ አንዱ ሳይበሳ በረረ?”

ኡስታድ እኔን አየኝ። እኔ ጋ ነው አልኩ፣ ሮጬም አመጣሁት። ጄሪካኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አፉ ተቆርጧል፣ የማሸጊያው ቀለበት የለም፣ ውስጡ ጭቃና የናና ቅጠል ነው። ስለ ምንም ነገር አይመሰክርም።

“መልካም” አለ ላላ ነዚር። “የመኪናዋ ባለቤት ፕሮፌሰር ሳሂብ፣ ጄሪካኑ እሳቸው ጋ፣ ምስክሩም እሳቸው። ዳኛም ካስፈለገ ይቀመጡልን እንጂ።” ሰዉ ሳቀ።

ኡስታድ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ አንድ ነገር ጠየቀ። ካምቢዮው እዚሁ፣ በቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ ይከፈት። ዘይቱ መጥፎ ከሆነ ያስታውቃል፤ ቺንጋው ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ ተንሸራትቶም ከሆነ ጭረቱ ፑሌጃው ላይ አለ። “የኔ ዘይት ከሆነ ሽቦውን በገዛ እጄ አወርዳለሁ” አለ። “ግን ይከፈት።”

ዛርጋም ለዚህ ሰው መኪናዬን ዳግም አላስነካም አለ። ሰው ወደ እኔ ዞረ፤ መኪናዋ በስሜ ናት። ከወንድሜ ጋር ልነጋገር አልኩ።

ማታ ራት ላይ ማቅሱድ ጥፍጥፍ ዳቦውን እየቆረሰ በእርጋታ ነገረኝ። “ወንድም ጋሼ፣ አንተ የመኪናዋ ባለቤት ነህ፣ በወረቀት። ልጁ ግን ልጄ ነው። በገበያ መሃል ውሸታም እንዲባል አልፈልግም።” ውሸታም የሚለውን ቃል እኔ አላነሳሁም ነበር። ዛርጋምን ካፒቴን ጋ ሄደህ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከሽምብራ ወጡ ላይ ቀና አላለም። “ታያ ጂ፣ እርስዎም?” አለኝ። መልስ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አውቃለሁም።

በዚያን ሌሊት ልጁን ጠረጠርኩት። ኡስታድንም ጠረጠርኩት፤ የማዶው ሱቅ ትዝ አለኝ፣ ዕድሜው ትዝ አለኝ። ሁለቱን እኩል ጠረጠርኩ። ለተማሪዎቼ ይህ የጥበብ መጀመሪያ ነው እያልኩ አስተምር ነበር። አሁን የሚገባኝ ሌላ ነው። ኡስታድ ሲጠረጥር ተነስቶ ሚስማር ያነሳል፤ እኔ ስጠረጥር ቁጭ እላለሁ።

መኪናዋ ሌላ ጋራዥ ገብታ ያገለገለ ካምቢዮ ተገጠመላት። አሮጌው ሳይከፈት ለብረታ ብረት ነጋዴ ተሸጠ። ቻህ ሱልጣን ውስጥ ማንም ኡስታድን ፊት ለፊት ሌባ አላለውም። ደንበኞቹ ብቻ የራሳቸውን ዘይት ይዘው ይመጡ ጀመር፤ ቀጥሎ ጄሪካኑን ራሳቸው ይበሱ ጀመር፤ ቀጥሎ ቀሩ። ሽቦው ላይ የቀሩትን ነፋስ ያንቋቋቸው ነበር።

ጋራዡን ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ቤቴ መጣ። ሻይ ቀረበለት፤ አላሸተተውም፣ አልጠጣውምም። ካምቢዮው ያለበትን ቦታ አግኝቶታል፤ ከቁራጭ ብረት ክምር ሥር ነው፣ ገና አልተፈታም። ነጋዴው ግን የተሰረቀ ዕቃ እንዳይሆንብኝ ብሎ የመኪናዋ ባለቤት ካልፈረመ አላስነካም ብሎታል።

“ለገበያው ብዬ አይደለም ፕሮፌሰር ሳሂብ” አለኝ። “ገበያው ፈርዷል። ለራሴ ነው። አፍንጫዬ አርጅቶ ይሆናል። እንደዚያች ሙሽራ ጊዜ፣ አሁንም የኔ እጅ ከሆነ ልወቀው። ልጁም ከሆነ ለማንም አልናገርም። አንዴ ተከፍቶ ልየው። ይፈርሙልኝ።”

እስክሪብቶውን ራሱ ይዞ መጥቶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ላስብበት አልኩት፤ ጫማውን በሩ ላይ ሲያጠልቅ ቆይቶ ወጣ። ወደ ቻክዋል፣ ወደ ትውልድ መንደሩ ሄደ፤ ክረምቱ ሳያልቅ ሞቱን ሰማሁ። ነጋዴው ክምሩን በጭነት መኪና ወደ ማቅለጫ ልኮታል። እስክሪብቶው ዛሬም እኔ ጋ ነው፤ ካምቢዮውን የከፈተው ሰው የለም።