ሩዋንዳ ማን አለን?

ዛሬ ከሰዓት ከጎረቤቴ ቤት እልልታ ሰምታችሁ ሠርግ የመሰላችሁ የጅጅጋ ሰዎች፣ ሠርግ አይደለም። ሩዋንዳ ተመርጣ ነው!

የጎረቤቴ ልጅ ኢፍራህ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትሠራለች። አምና በአንድ ዓለም አቀፍ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ እንድትናገር አውሮፓ ተጠርታ፣ ቪዛ ተከልክላ የጓደኞቿን ፎቶ በስልኳ እያየች ቀረች።

ዛሬ የቀጣዩ ጉባኤ የት አገር ይሁን ተብሎ በኢንተርኔት ድምፅ ሲሰጥ አብሬያት ነበርኩ። የቀረቡት ጀርመን፣ ቱርክና ሩዋንዳ ናቸው።

«ሆዮ» የምትላቸው እናቷ ማማ ሰዓዳም አጠገቧ ተቀምጠው አገር ይመዝናሉ።

«ጀርመን ሰላም ነው፤ የአጎትሽ ልጅ አለ። ቱርክም ሰላም ነው፤ አክስትሽ አለች። ሩዋንዳ ማን አለን?»

«ሆዮ፣ ማንም የለንም። ግን ቪዛ ሳንለምን እንገባለን!»

«ሰው ከሌለንማ ምኑን ሰላም ሆነ?»

(አዘጋጆቹ ራሳቸው ስለ ጸጥታ እንዲህ አጥብቀው የጠየቁ አይመስለኝም።)

ሩዋንዳ አሸነፈች! ኢፍራህ በደስታ አለቀሰች፣ እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። ማማ ሰዓዳ ግን ስልካቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ባቢሌ ደወሉ፣ ሀርጌሳ ደወሉ፣ ናይሮቢ ደወሉ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

«የአክስትሽ ባል ወንድም ኪጋሊ ሱቅ አለው። ኤርፖርት መጥቶ ይቀበልሻል፤ እሱ ቤት ነው የምታርፊው።»

«ሆዮ፣ ጉባኤው እኮ ሆቴል ይይዝልናል።»

«ወላሂ፣ ዘመድ እያለሽ ሆቴል? ሰው ምን ይለናል!»

ሩዋንዳ ሰላም አገር መሆኗ በዚህ ተረጋገጠ።

እናንተስ ቤት፣ ልጅ ውጭ አገር ልሂድ ሲል እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው ምንድን ነው? እስቲ አውሩኝ።