የቧንቧው ሥር ጥሩምባ አበባ

ልጅ ሆኜ የኖርንበት የኮልፌው ግቢ ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧና አንድ ረግረግ ነበረው። ረግረጉ የእኛ ድርሻ ነበር ማለት ይቻላል። ቧንቧው ከመስኮታችን ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ቆሞ ቀን ከሌት ይንጠባጠባል። ከባልዲ የፈሰሰው፣ ከዕቃ የታጠበው፣ ከልብስ የተጨመቀው ሁሉ ተንሸራቶ መጥቶ እኛ መስኮት ሥር ይተኛል። በጋም ቢሆን ደርቆ አያውቅም። ጭቃው ጥቁር ነበር፤ ሽታው የበሰበሰ ጎመንና የሳሙና ቅልቅል። በዚያ ላይ አላፊ አግዳሚው የተቀደደ ጫማውንም፣ የሽንኩርት ልጣጩንም እዚያው ይወረውራል።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ከጨንቻ ወጥቶ አዲስ አበባ የገባው እኔ ሳልወለድ ነው። የሽመና ጉድጓዱን የቆፈረው ብርሃን እንዲያገኝ ብሎ መስኮቱ ሥር ቢሆንም፣ ከሽታውና ከትንኙ የተነሳ መስኮቱ ስለማይከፈት በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርቶ ይሠራ ነበር። ጥለት ሲጥል ቀዩና ብርቱካኑ ክር እየተምታታበት ዓይኑን ያሻል። ስለ ረግረጉ አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም። የምትናገረው እናቴ ነበረች።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ የግቢው ሰዎች ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው ጋሽ መኮንን፣ ከጎጃም የመጡ ጡረተኛ፣ ከግቢው ሰው ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከተናገሩ ግን ቃላቸው አይታጠፍም። ቆሻሻ በየቦታው ስለሚጣል አንድ ትልቅ የብረት በርሜል ይቀመጥ ተባለ። የት ይቀመጥ ሲባል ሁሉም ወደ እኛ መስኮት አየ። እናቴ ሕፃኑን ወንድሜን እንዳዘለች ተነስታ፣ ልጆቼ በርሜል ሥር ሊያድጉ ነው ወይ ብላ ተከራከረች። ጋሽ መኮንን አቋርጠው አልተናገሯትም። እስክትጨርስ ሰምተው፣ ቦታው ለሌላ ነገር እንደማይሆን፣ ረግረግ ላይ ምንም እንደማይበቅል ነገሯት። እናቴ ዝም ብላ ተቀመጠች። እሷ ዝም ስትል አይቼ ስለማላውቅ ነው መሰለኝ፣ ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

"አበባ ካበቀልኩበትስ?"

ሰው ሳቀ። ጋሽ መኮንን ግን አልሳቁም።

"እስከ ጥምቀት ጊዜ ሰጥቼሻለሁ" አሉ። "አበባ ካየሁ ቦታው የአንቺ ነው። ካላየሁ በርሜሉ ይቀመጣል።"

በማግስቱ ከጎረቤት ለምኜ ያገኘሁትን የአበባ ቅርንጫፍ ሁሉ ጭቃው ውስጥ ሰካሁት። ሳምንት ሳይሞላው ሥሩ በስብሶ ወደቀ። እናቴ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ተረቱ አናደደኝ፤ ግን ልክ ነበረች።

ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ፣ ጋሽ ቶሎሳ የሚባሉ ችግኝ ሻጭ ነበሩ። በጥቁር ፕላስቲክ የተተከሉ ችግኞቻቸው መሃል ዣንጥላ ተክለው ይውላሉ። ረግረግ የሚችል አበባ አለዎት ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ወደ ወንዙ ይዘውኝ ወረዱ። ውሃው በተኛበት ቦታ፣ ጦር የሚመስሉ ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠሎች መሃል፣ ነጫጭ አበቦች ቀጥ ብለው ቆመዋል። እያንዳንዱ እንደ ጥሩምባ አፉን ከፍቷል፤ ከውስጡ ቢጫ ምላስ ይታያል። እኛ ሰፈር ጥሩምባ አበባ ነው የምንለው። እንደዚያ ንጹሕ ነገር ከዚያ ጭቃ ወጣ ብሎ ማመን አቃተኝ።

ጋሽ ቶሎሳ ሥሩን ወዲያው አልሰጡኝም። መጀመሪያ ትጋትሽን ልይ አሉ። ክረምቱን በሙሉ እየተመላለስኩ ፕላስቲክ አፈር ስሞላ፣ አረም ስነቅል ከረምኩ። "ኢንታላ" ነበር የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጅት ማለት ነው። አበባው ሥሩን ውሃ ውስጥ፣ ራሱን ብርሃን ላይ እንደሚፈልግ፣ ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ እንደሚያሳክክና ወደ አፍ መጠጋት እንደሌለበት፣ የበሰበሰ ፍግ እንደሚወድ፣ አንድ ሥር ሲያድግ ተከፋፍሎ ብዙ እንደሚሆን ከእሳቸው ተማርኩ። ነሐሴ ላይ ጎደሬ የሚመስሉ አምስት ሥሮች በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ስለ ቧንቧችን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"ውሃ የሚወድ ተክል አለ፣ ኢንታላ። የሳሙና እጣቢ የሚወድ ግን የለም።"

ከእናቴ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ቆሻሻውን ስናወጣ ዋልን። ጣሳ፣ የጫማ ሶል፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ አንድ ሙሉ የከሰል ምድጃ ወጣ። ላም ከሚያረቡ ጎረቤት ፍግ አምጥተን ቀላቀልንበት፤ ዙሪያውን በድንጋይ ከበብነው። አምስቱንም ሥሮች ተከልኩ። ቅጠላቸው ጭቃውን ሰንጥቆ በወጣ በሳምንቱ በረዶ ጣለና ቆራርጦ ጣላቸው። እያለቀስኩ ጋሽ ቶሎሳ ጋ ሮጥኩ። ቅጠል ይሄዳል፣ ሥሩ ካለ ሌላ ይልካል አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። እውነትም ላከ።

የቀረው የሳሙናው ነገር ነው። ቤት ለቤት ዞሬ እጣቢያቸውን ከግቢው ውጪ ቦይ ውስጥ እንዲደፉ ለመንኩ። አንዳንዱ በይሉኝታ፣ አንዳንዱ ልጅነቴ አሳዝኖት እሺ አለኝ። እትዬ አስናቀች ግን የሰው ልብስ እያጠቡ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ከቧንቧው ሥር ሁለት ባኞ ደርድረው ጠዋት የጀመሩ ማታ ነው ቀና የሚሉት። ያን ሁሉ እጣቢ ቦይ ድረስ ተሸክመው ሥራቸው መቼ ያልቃል?

"አበባሽ እንጀራዬን ሊያስቀርብኝ ነው እንዴ፣ ልጄ?" አሉኝ፤ ሳይቆጡ።

"እኔ እደፋልዎታለሁ" አልኳቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን አስቀምጬ ባልዲ አነሳለሁ። የባልዲው ሽቦ መዳፌን ይቆርጠዋል፤ ጨርቅ እጠመጥምበታለሁ። ጓደኞቼ ሱዚ ሲዘሉ እኔ በእነሱ መሃል የሰው እጣቢ ተሸክሜ አልፋለሁ፤ ገመዱን ዝቅ ያደርጉልኝና ካለፍኩ በኋላ ይሳሳቃሉ። ጥቅምት፣ ኅዳር እንዲህ አለፈ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ስመጣ ባኞው ግማሽ ሆኖ አገኘሁት። እትዬ አስናቀች ግማሹን ራሳቸው ደፍተውታል።

ቅጠሎቹ ጉልበቴን አልፈው አደጉ። ያን ያህል ለምለም ነገር ላይ ቆሻሻ መጣል ሰዉን አሳፈረው መሰለኝ፣ ቀስ በቀስ የሚጥል ጠፋ። ሽታውም ሄደ። አንድ ቅዳሜ አባቴ ተነሳና የመስኮቱን መቀርቀሪያ በሽመና መወርወሪያው ጫፍ መታ መታ አድርጎ ከፈተው። ከዚያ አምፖሉን አጥፍቶ ጉድጓዱ ውስጥ ተመልሶ ገባ። እናቴና እኔ ተያየን።

አበባ ግን የለም። ጥር ገባ፤ ቅጠል ብቻ። ጥምቀት አለፈ። የሚካኤል ዕለት ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ ቅጠሎቹን ገልጬ ሳይ፣ ከመሃል እንደ ተጠቀለለ ወረቀት የጠበበ፣ አውራ ጣቴን የሚያህል አረንጓዴ ነገር አየሁ። በማግስቱ ጠዋት ጋሽ መኮንን ሁለት ሰዎች በርሜሉን እያንከባለሉላቸው መጡ። እያማተብኩ እምቡጡን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩት።

"ይሄ አረንጓዴ ነው፣ ምህረት። እኔ ያልኩት አበባ ነው" አሉ። ድምፃቸው ሐዘን ነበረበት፤ ግን ቃል ቃል ነው።

ያኔ እትዬ አስናቀች እስከ ክርናቸው አረፋ እንደሆኑ ከቧንቧው ተነሱ። ባኟቸውን መንገዱ ላይ ገልብጠው ቁጭ አሉበት።

"ጋሽ መኮንን፣ ይህቺ ልጅ መስከረም ሲጠባ ጀምራ የእኔን እጣቢ ተሸክማለች። በርሜሉን የሚያስቀምጡ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ያንሱኝ።"

አባቴም ከቤት ወጣ። በስብሰባ ላይ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። መወርወሪያውን በእጁ እንደያዘ ከጎኔ ቆሞ "እስከ እሑድ ይታገሡን" አለ። ጋሽ መኮንን ሦስታችንንም በየተራ አዩን። ከዚያ በርሜሉ ባለበት እንዲቆም አዘዙ።

በየቀኑ ከእንቅልፌ ስነሳ የማየው እሱን ነበር። መጀመሪያ ጫፉ ነጣ። ቀጥሎ ጥቅሉ ላላ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢው በሙሉ ቧንቧው ጋ ተሰበሰበ። አበባው አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ ወተት የመሰለ፣ ጠርዙ ወደ ኋላ ቆልመም ያለ፣ አንዲት የጭቃ ነጥብ ያልነካችው። ከጎኑ ሁለተኛው ጫፉን አውጥቷል። በዚያ ደረቅ በጋ የሰው አጥር ሁሉ ጠውልጎ ሳለ፣ የሰደብነው ውሃ የእኛን አረንጓዴ አድርጎ አቆይቶት ነበር።

ጋሽ መኮንን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ ወደ ሰዉ ዞረው "ቦታው የምህረት ነው" አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ አስናቀች እርጥብ እጃቸውን አንገቴ ላይ ጠምጥመው ሳሙኝ። ጋሽ መኮንን ለማንም ሳያዙ በርሜሉን በገዛ እጃቸው እያንከባለሉ ወደ ውጪ በር ወሰዱት። ሲመለሱ ጠጋ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሥሩ ሲበዛ አንድ ለእሳቸው እንዳስቀምጥላቸው ለመኑኝ።

በሁለተኛው ዓመት ከየቤቱ ደጅ ጥሩምባ አበባ ነበር። የእትዬ አስናቀች ልጅ ስትዳር የያዘችው እቅፍ አበባ የእኛ ነው። አበባውን በቢላ ሳልቆርጥ፣ ጋሽ ቶሎሳ እንዳሳዩኝ ከሥሩ ጠምዘዝ አድርጌ እየሳብኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሙሽራዋ ከግቢ ስትወጣ ሱዚ የሚዘሉት ጓደኞቼ ከኋላዬ ተሰልፈው አጨበጨቡ።

አሁን ያ ግቢ የለም፤ ፎቅ ቆሞበታል። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ብናገኝ ሥሩ ጀሪካን እንደረድራለን። ከጣሪያዬ በላይ የሚኖሩትን ሰዎች ስም አላውቅም። ያን ጊዜ አንዲት አበባ ለማብቀል የስድስት ቤት ሰው ደጅ መጥናት ነበረብኝ፤ ዛሬ በረንዳዬ ላይ የፈለግሁትን ብተክል የሚጠይቀኝም፣ የሚያጨበጭብልኝም የለም። ይህን ቤት ያገኘሁት በዕጣ ነው። ስሜ የወጣ ቀን እውነት ለመናገር ተንበርክኬ አልቅሻለሁ። ያን ሁለት እርምጃ የማይሞላ ጭቃ ግን ዕጣ አልሰጠኝም። ባልዲ ተሸክሜ፣ ሰው ለምኜ፣ ጠብቄ ነው የወሰድኩት፤ እስከ ዛሬ በደረቴ ሙሉ "የእኔ ነበር" የምለውም እሱን ነው።