የቀስ በሉ ባትና ሦስቱ ማግኒዚየም

የአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌርን ተሳፋሪው ሁሉ «ቀስ በሉ» ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳ ከአፉ ያልተለየ ቃል ነው። ባለፈው ወር ግን እግሩ ፍሬን ላይ እንዳለ ቀኝ ባቱ ይኮማተርበት ጀመር። አውቶቡሱ ቀጥ ብሎ ሲቆም የኋላው ተሳፋሪ የፊተኛው ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ሦስት አቤቱታ ተጻፈበት። መሥሪያ ቤቱም ሐሙስ ተቆጣጣሪ አብሮት ተሳፍሮ እንዲፈትነው ወሰነ፤ ከወደቀ መሪ ተነጥቆ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ሲያጥብ ይውላል።

ሐኪሙ «ማግኒዚየም ያንስሃል» አለው። የትኛውን ዓይነት እንደሚወስድ ግን ዘመድ ወዳጁ ነገረው።

ሚስቱ ግላይሲኔት የሚባለውን ማግኒዚየም ገዛችለት። ወንድሟ ሲትሬት የሚባለውን ይዞ ከተፍ አለ። «የእሷ የእንቅልፋም ነው፤ ወንድ የሚውጠው ይኼን ነው።» የአውቶቡሱ ቲኬት ቆራጭ ደግሞ ኦክሳይድ የሚባለውን አቀበለችው። «ጋሼ፣ ቁጥሩን ይዩት እንጂ! አምስት መቶ ሚሊግራም ይላል፤ የነሱ መቶ አይሞላም።»

ሦስቱንም ብልቃጥ ተሸክሞ መድኃኒት ቤት ሄደ፤ የትኛው ከማን እንደመጣም ተናገረ።

«ቁጥሩ ቢበዛ ሰውነት ሁሉንም አይቀበለውም» አለች ፋርማሲስቷ። «የባለቤትዎ ለሆድ ይለዝባል፤ ሁለቱ ሆድ ያላላሉ። አንዱን ይምረጡ።»

«የሁለቱን ብተው የሰው ፊት በምን ዓይኔ አያለሁ?»

«የሚውጡት እርስዎ ነዎት እኮ፣ ጋሼ!»

ሞተሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዘይት ቢቀላቀል ጋራዡን በጩኸት የሚያናውጠው ሰው፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስቱንም በአንድ ብርጭቆ ውኃ ዋጠ። ማንም አልተቀየመውም።

ተቆጣጣሪው መዝገቡን ታቅፎ ከኋላው ቆመ። እስከ ስድስተኛው ፌርማታ ድረስ ባቱ ጨዋ ሆነ፤ ማግኒዚየሙ ይሁን ፍርሃቱ አልታወቀም። ሰባተኛው ላይ ሆዱ ተናገረ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«ምነው ፈጠንክ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ቀስ በሉ!» አለች ከኋላ አንዷ። አውቶቡሱ በሳቅ አውካካ።

ነዳጅ ማደያው ፊት ሲደርስ አቆመ። አቋቋሙ ከመለስለሱ የተነሳ መስኮት ተደግፈው ያንቀላፉት ሴትዮ እንኳ አልነቁም። የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ቁልፉን ነቅሎ፣ አንዱን ጥሎ አንዱን አንጠልጥሎ ወደ ማደያው ሽንት ቤት ሮጠ።

ተቆጣጣሪው ጻፈ፦ «ፍሬን አያያዙ እጅግ በጣም ጥሩ። አርባ ተሳፋሪ መንገድ ላይ ጥሎ ተሰውሯል።»

ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ያጥባል። የሚውጠው አንዱን ብቻ ነው፤ የማንን እንደሆነ ግን አይናገርም። ሦስቱም ሰጪዎች «የሚውጠው የእኔን ነው» ብለው ደስ ብሏቸዋል። ባቱ ድኗል። የሚረግጠው ፍሬን ነው የጠፋው።