ነገ እነግራታለሁ

ክሉንግኩንግ ከተማ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ ያረጀችው ሬኒንግ ሁለት የማይለቁ አመሎች ነበሯት፤ አንዱ ሥዕል መሰብሰብ፣ ሁለተኛው መጻፍ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ ከመንደራችን ከካማሳን ሠዓሊዎች ሥዕል በገዛች ቁጥር፣ ማን እንደነደፈው፣ ማን እንደቀባው፣ ሥዕሉ ያረፈበትን ጨርቅ በዛጎል አሽቶ ያለሰለሰው ማን እንደሆነ፣ ያን ቀን በሆዷ የዋለውንም ጭምር ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። ባሏ በሕይወት ሳለ «እኔን እንኳ እንዲህ ልብ ብለሽ አይተሽኝ አታውቂም» እያለ ይቀልድባት ነበር። ደብተሮቹ አርባ ሦስት ደረሱ። በመንደራችን የሥዕል ክርክር ከተነሳ ዳኛው የሬኒንግ ደብተር ነው። እኛም የጻፈችውን አምነን ወደየቤታችን እንገባ ነበር።

አንዱን ገጽ ግን ለማንም አንብባ አታውቅም።

ታዋቂው ሠዓሊ ድሬስታ የሞተ ሰሞን፣ እንደ ልማዳችን አስከሬኑ ሊቃጠል አንድ ቀን ሲቀረው፣ ልጁ አርሳ በጠዋት ሬኒንግ ቤት መጣ። ዓይኑ ደም መስሏል።

«እማማ፣ አክስቴ እምቢ አለች። ታናሽ ሆና ሳትሰግድለት፣ ቂሟን ሳትተው ከቀረች የአባቴ ነፍስ ከግቢያችን አትወጣም ብለዋል ካህኑ። የምትሰማው እርስዎን ብቻ ነው።»

አክስቴ የሚላት ከርቲን ነው፤ የድሬስታን ታናሽ እህት፣ የሬኒንግን የልጅነት ጓደኛ። ወንድምና እህት በአንድ ግቢ፣ በአንድ ግንብ ተለያይተው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ምክንያቱን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከርቲ የሳለችው ሥዕል ላይ ድሬስታ ስሙን ጽፎ ታላቅ ሰው ሆነ። እኔም ስንቴ ረግሜዋለሁ መሰላችሁ!

«እሺ፣ ሂድ፤ እኔ አናግራታለሁ» አለችው ሬኒንግ። ልጁ ሲወጣ ያ ገጽ ወዳለበት ደብተር ዞረች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሷ እውነት ሠላሳ ስምንት ዓመት አድሮም አልጠራም። ለከርቲ ካነበበችላት ታጣታለች። ካላነበበች ደግሞ የሞተው ሰው ባልሠራው ጥፋት ተረግሞ ይሄዳል። ደብተሩን ሁለቴ አንስታ ሁለቴ መለሰችው። በሦስተኛው ብብቷ ሥር ሸጉጣው ወጣች።

ከርቲ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ በዛጎል ታሻለች።

«ደግሞ ደብተርሽን ይዘሽ መጣሽ? እኔንም ልትገዢኝ ነው?» አለች እየሳቀች። «አርሳ ልኮሽ ከሆነ ልፋትሽ ነው። ቁጭ በይና ሙዝ ብዪ።»

«አልበላም።»

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«ከርቲ፣ የማነብልሽ ነገር አለ። እስክጨርስ ዝም ብለሽ ስሚኝ።»

ያን ገጽ ገልጣ አነበበች። «ዛሬ ከርቲ ነድፋም ቀብታም ራሷ የጨረሰችውን ሥዕል ወሰድኩ። ለዋና ከተማው ትርኢት ስልከው የሴት ስም ካዩ ይመልሱታል ብዬ ፈራሁ። ድሬስታን ስምህን ጻፍበት አልኩት። አይሆንም፣ የእህቴ ነው አለ። ለመንኩት። ለእሷ እኔው እነግራታለሁ፣ አንተ እንዳትተነፍስ ብዬ አስማልኩት። ነገ እነግራታለሁ።»

ዛጎሉ ከከርቲ እጅ ወደቀ። ከግንቡ ማዶ ለነገው የሚዘጋጁት ሰዎች ቀርከሃ ሲፈልጡ ይሰማል።

«የእህቴ ነው አለ?»

«አለ።»

«እስቲ ድገሚው።»

ሬኒንግ ደገመችው። ከርቲ ዓይኗን ከደብተሩ አልነቀለችም፤ ማንበብ ግን አትችልም።

«ታዲያ እሱስ ምነው ዝም አለ?»

«ምሎልኛላ። በኋላ ዝናውም ጣፈጠው፤ አልዋሽሽም። ግን ሁለቴ መጥቶ ልንገራት ብሎኛል። እኔ ነኝ ቆይ ያልኩት። ሥዕሉ የሱ ከተባለ ወዲያ ሐሰተኛ እንዳልባል ፈራሁ። ፈሪ ነኝ፣ ከርቲ።»

ከርቲ ቀስ ብላ ተነሳች። ለጸሎትና ለለቅሶ የምትታጠቀውን መቀነት ከግድግዳው አውርዳ ወገቧን ታጠቀች። ቋጠሮው ሁለቴ ተፈታባት፤ ሬኒንግ ልትረዳት ብትነሳ በክንዷ ገፋቻት።

«ባለፈው ወር ታሞ ‹ከርቲ፣ ከርቲ› እያለ ሲጣራ በዚህ ግንብ በኩል እሰማው ነበር። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ያኔ አንቺ የት ነበርሽ?»

ሬኒንግ ደብተሩን ዘጋች።

«እዚህ ነበርሽ። እዚሁ አጠገቤ፤ ሙዝ እየላጥሽ። ‹አልሄድለትም፣ ይበለው› ስልሽ በእሺታ ጭንቅላትሽን ነቀነቅሽ።»

«አዎ» አለች ሬኒንግ።

ከርቲ በግንቡ በር አልፋ ወደ ወንድሟ ሄደች።

በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ሲወጣ ሬኒንግ ቤቷ ቀረች። አስከሬኑን የያዘው ሰልፍ በደጇ ሲያልፍ ከበሩ ጀርባ ቆማ አዳመጠች። ማታ ጀምበር ስትገባ አርሳ ሊያመሰግናት መጣ፤ ልብሱ አመድ አመድ ይሸታል።

«ሰገደችለት?» አለችው።

«ሰገደች፣ እማማ። ካህኑ እንባ መንገዱን ያከብድበታል ቢሏትም አልሰማቻቸውም። ለሦስት ነው ያነሳናት።»

«ስለ እኔስ ያለችው ነገር አለ?»

ልጁ ከልብሱ አመድ አራገፈ።

«የለም» አላት። «ስምዎን አላነሳችም።»