እንጉዳይ ነበር

ያኔ ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ አጠገብ፣ ባጃጅና ሚኒባስ በሚጋፋበት ጭቃ ዳር፣ አንዲት የቤንች ሴት የቻይና ምግብ ትሸጥ ነበር። ሆዳም ነኝና በየቀኑ እዚያ አልጠፋም።

ሴትዮዋ አስፋልቱን ይሠሩ የነበሩት ቻይናዎች ካምፕ ወጥ ቤት ውስጥ ስትሠራ ከርማለች። ሙያውን ያስተማራት ሽማግሌ ካንቶን ከሚባል አገር የመጣ ነበር፤ እዚያ ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ነው አሉ የሚበላው። ካምፑ ሲነሳ ባል የላት፣ መሬት የላት፣ ይቺ ሙያ ብቻ ቀረቻት። እንጉዳይ፣ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና የቴፒ ዝንጅብል አድቅቃ ትከትፍና በስስ ሊጥ ጠቅልላ፣ በምስማር በበሳሳችው ሰሃን ላይ በእንፋሎት ታበስለዋለች። ከላይ ኮምጣጤ በሚጥሚጣ። እኛ የቻይና ሳምቡሳ እንለው ነበር። ወይ ጣዕም! በሁለት ብር ጠግቤ እሄዳለሁ። ሥጋ ስለሌለበት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎን ለጎን ቆሞ ይበላል፤ በኛ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁዳዴ ገባ። እናቴ ቤት ጾም ማለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አለመቅመስ ነው። እኔም "ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው" ብዬ አስወርቼ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ከማስተምርበት ክፍል ስወጣ በቀጥታ ወደ ሴትዮዋ። ምስጢሬን ታውቃለች። ከምድጃዋ ጀርባ በርጩማ አስቀምጣልኝ፣ "ቲቸር፣ እዚህ ሰው አያይሽም" ትለኛለች።

አንድ ቀን ተደብቄ እየበላሁ አንድ ሹፌር ሳምቡሳው ከእጁ ወደቀበትና ፈነዳ። የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቅዳሴ ስታልፍ ያንን ጠቆር ያለ ክትፍ አየችው።

"በስመ አብ! ሥጋ ነው እኮ! በሁዳዴ!" ብላ ጮኸች።

"እንጉዳይ ነው እማማ፣ ከጫካ ነው ያመጣሁት" አለች ሴትዮዋ። ማን ይስማት! ሰው ተሰበሰበ። አንዱ የአህያ ነው አለ፣ ሌላው ከዚህ የባሰ ተናገረ። ሴትዮዋ ጨነቃትና ወደ እኔ ዞረች። ሰዉም አብሯት ዞረ፤ በቃ፣ ታየሁ።

"አንቺ እዚህ ነሽ እንዴ?" አለች የእናቴ ጓደኛ። "ጎሽ፣ አስተማሪ አትዋሽም። ምንድን ነው ውስጡ? በልተሽ ታውቂያለሽ?"

ሴትዮዋ ቅጠል ሙሉ እንጉዳይ ይዛ ስትመጣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ስትከትፍ አጠገቧ ተቀምጬ አውርቻለሁ። "እንጉዳይ ነው" ብል ያ ሁሉ ሰው ያምነኝ ነበር። ግን ከዚያ ቀጥሎ "ታዲያ አንቺ በስድስት ሰዓት እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" ይመጣል፣ ማታ ደግሞ እናቴ ትሰማለች።

"እኔ እንጃ እትዬ፣ ቀምሼው አላውቅም። ዝናብ ልጠለል ነው የገባሁት" አልኩ።

ዝናብ አልነበረም። ግማሹን የበላሁት ሰሃን ከምድጃው ጀርባ ጉልበቴ ላይ ነበር። ሴትዮዋ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ጎንበስ ብላ ሰሃኑን ከጉልበቴ አነሳችና ቀሚሷ ስር ሸሸገችው። እኔ አጋለጥኳት፣ እሷ ሸፈነችኝ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይጠጋት! ክርስቲያኑ በጾም ሥጋ ልታበላን ነበር ብሎ ሸሸ፣ ሙስሊሙ ማን እንዳረደው ያልታወቀ ሥጋ ብሎ ሸሸ። ሳምንት ሳይሞላ ምድጃዋን አነሳች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ውሸት! የሚያውቀው ሰው አፉን ከዘጋ የት አባቱ ይጠራል? እኔም እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሁዳዴው አለቀ።

ከፋሲካ በኋላ ጎረቤታችን አማን ከተማ ሄጄ አየኋት። በጀርባዋ የማገዶ ሸክም ተሸክማ፣ አንገቷ ወደ መሬት ተደፍቶ ዳገቱን ትወጣለች። ልሸሽ አሰብኩ፤ ቀድማ አየችኝ። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር፣ ምነው በሰደበችኝ!

"እንኳን አደረሰሽ ቲቸር" አለችኝ ቀና ለማለት እየታገለች። "ጾምሽን ይቀበልልሽ።"

አሜን አልኳት።