የአራተኛው መስኮት ኖልፋ

ከሳንቲያጎ ወደ ባሕር በሚወርደው መንገድ ላይ፣ የመንገድ ክፍያ ኬላ አጠገብ ጎሚስታ ነበርኩ። ኖልፋ ሳልዲያስ እኔ እዚያ ጎማ ስጠግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአራተኛው መስኮት ተቀምጣ ክፍያ ተቀብላለች። አጠር፣ ደልደል ያለች ሴት ናት። ሐምሌ ላይ ሦስት ሹራብ ትደርባለች፤ ጓንት ግን አታደርግም።

“እጅሽ በብርድ አይቆረጥም?” ብዬ ጠየቅኋት አንድ ጠዋት።

“ማኤስትሮ፣ ሳንቲም በጓንት አይጨበጥም” አለችኝ። “የሰው እጅም በጓንት አይታወቅም።” ማኤስትሮ የእኔ ስም አይደለም፤ እኛ ዘንድ የእጅ ሙያ ያለው ሁሉ እንደዚያ ይባላል።

እጅ አውቃለሁ ማለቷ ጉራ አልነበረም። ዶን ኤሌዎዶሮ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ማክሰኞና ዓርብ በጭነት መኪናቸው እንጆሪ ይዘው ያልፋሉ። አንድ ዓርብ ግራ እጃቸውን በመስኮት ሲያወጡ ሳንቲሙ አስፋልቱ ላይ ተበተነ።

“ምነው ዶን ኤሌዎዶሮ፣ ገና በጠዋቱ ወይን ቀመሱ እንዴ?” ብላ ቀለደች።

ሊመልሱላት ሞከሩ። ግማሽ አፋቸው አልታዘዝ አለ። ኖልፋ ይህን ስታይ የመንገዱን መዝጊያ ከሚከፍተው ቁልፍ ላይ እጇን አነሳች። ከኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ክላክሱን ለቀቀው። “ክፈቺ እንጂ አንቺ ሴትዮ! ቤትሽ ሄደሽ ተኚ!” ይላል አንዱ። እሷ ጭራሽ መስኮቷን ጥላ ወጣች፤ ያ ደግሞ በጥብቅ የተከለከለ ነው። የመኪናውን ቁልፍ ነቅላ፣ “ማኤስትሮ! ቶሎ ና! አምቡላንስ ጥራ!” ብላ ጮኸች። እኔ ክሪኩን እንኳ ከእጄ ሳልጥል ነው የሮጥኩት። ሐኪሞቹ በኋላ እንደነገሩን ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ ረግቶ ነበር። ከኬላው ቀጥሎ ደግሞ ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው።

ሽማግሌው ዳኑ። ስምንት ወር ቆይተው ሐኪም ሲፈቅድላቸው ወደ መኪናቸው መሪ ተመለሱ፤ ግራ እጃቸው ብቻ ዘገም ትላለች። ኖልፋም ከመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ ደረሳት። ምስጋና መስሏት ከፈተችው፤ መስኮቷን ጥላ በመውጣቷ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ከመንገዱ በላይ የብረት ቅስት ተተከለ። ሹፌሩ መቆም የለበትም፤ መስታወቱ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ሳጥን አለች፣ ሰዉ ታግ ይላታል። ቅስቱ ያነባታል፣ ሒሳቡ ቤት ድረስ ይመጣል። የኬላው መስኮቶች በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሊፈርሱ ሆነ። ሠራተኞቹም፣ “ወይ ካሳችሁን አሁኑኑ ተቀብላችሁ ሂዱ፣ ወይ እስከዚያ ድንኳን ውስጥ ታግ ለጥፉና መጨረሻ ላይ ተቀበሉ” ተባሉ። ከሠላሳ አንድ ሠራተኞች መለጠፉን የመረጡት አምስት ናቸው። ኖልፋ አንዷ ነበረች።

ሩፊና የሦስተኛው መስኮት ናት። ኖልፋ የሩፊናን ልጅ ክርስትና አንስታለች፤ ምሳቸውን ከአንድ ዕቃ ነበር የሚበሉት። ኖልፋ መለጠፉን የመረጠች ዕለት ሁለቱ እኔ ቤት በር ላይ ተገናኙ።

“አበልጄ፣ የሚያባርረንን ሳጥን በገዛ እጅሽ ልትለጥፊው ነው?” አለች ሩፊና።

“እኔ ባልለጥፈው ሌላው ይለጥፈዋል።”

“ሌላው ይለጥፈዋ! ሌላው አበልጄ አይደለም።”

“ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው ሩፊና። መስፋት አልችልም፣ ማብሰል አልወድም። የማውቀው ይህን መንገድ ነው።”

“እንግዲያው ከመንገድሽ ጋር ኑሪ” ብላት ሄደች። ከዚያ በኋላ ገበያ ሲገናኙ እንኳ ሩፊና መንገድ ትለውጥ ነበር። ኖልፋ ስለዚህ ነገር ለእኔ አንድም ቀን አላወራችም፤ ምሳዋን ግን ቆማ መብላት ጀመረች።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ታርጋውን ትመዘግባለች፣ መስታወቱን ከውስጥ በአልኮል ትወለውላለች፣ የማጣበቂያውን ሽፋን ትልጣለች፣ ከስፖኪዮው ጀርባ አስቀምጣ እስከ ሠላሳ እየቆጠረች ትጫናለች። ሹፌሮቹ ግን ቀላል አይደሉም። አንዱ “ሚስቴ የት እንደዋልኩ ታውቅበታለች?” ይላል። “ሚስትህ ያለ ታግም ታውቃለች” ትለዋለች።

ዶን ኤሌዎዶሮ የመጡት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከመኪናቸው አልወርድ አሉ።

“ሞተሩን ያጥፉት እንጂ ዶን ኤሌዎዶሮ።”

“አልፈልግም ልጄ። ያ ሳጥን አፌ ሲጣመም ያያል?”

ኖልፋ የምትወለውልበትን ጨርቅ አጠፈችና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው።

“አያይም” አለች። “ታርጋዎን እንጂ እርስዎን አያውቅም። እኔ ግን በዚያች እጅዎ ሳንቲም ሲፈልጉ ከኋላዎ ያለው እንዴት እንደሚሰድብዎ ስሰማ ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ የሚሰድብዎ የለም። ለአፍዎ ሐኪም አለልዎ፤ ክኒንዎን አያቋርጡ።”

ሽማግሌው ሞተሩን አጠፉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ልጃቸው መኪናው እንዲያምር ብሎ መስታወቱ ላይ ብረት የቀላቀለ ጥቁር ፕላስቲክ ለጥፎበት ኖሯል፤ ቅስቱ በዚያ ውስጥ ታጉን ማንበብ አይችልም። ኖልፋ ሳሙና እየረጨች፣ ሳትቸኩል፣ ከስፖኪዮው ጀርባ ያለውን ስትፍቅ አንድ ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ “በዓይኔ ካላየሁ አላምንም” ብላ ጎናቸው ተቀመጠች። ወሬውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ቅስቱ ሥር ሲደርሱ ሳጥኗ ጢጥ አለች።

“ይኸው ነው?”

“ይኸው ነው።”

“ሰላምታ እንኳ አያውቅም።”

“ያሳደገው የለማ” አለች ኖልፋ።

ለመመለስ መዞሪያው ሩቅ ነበር። ሽማግሌው በመሃል፣ “ለመሆኑ አንቺ ለምን አትነጂም?” ብለው ጠየቋት። ስንት መኪና ያሳለፈች ሴት መሪ ጨብጣ አታውቅም።

በማግሥቱ እኔ ጋ መጣች። “ማኤስትሮ፣ አስተምረኝ።” ከባሕር ዛፉ ጀርባ ባለው ሜዳ በአሮጌው ፒካፔ አስተማርኳት። ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ እየለቀቀች ግንባሬን ከመስታወቱ ጋር ስታጋጨው ከረመች። መንጃ ፈቃዱን በሦስተኛው ፈተና አገኘች። የኬላው መስኮቶች በፈረሱ በወሩ በካሳ ገንዘቧ አሮጌ ቀይ መኪና ገዛች።

የመጀመሪያው ረጅም ጉዞዋ ያልታሰበ ነበር። የሩፊና ዓይን በሞራ ተሸፍኖ ኖሮ ቫልፓራይሶ ሆስፒታል ቀጠሮ ተሰጣት። ያን ሳምንት የአውቶቡስ ሠራተኞች አድማ ላይ ነበሩ። ልጅቷ ለክርስትና እናቷ ደወለች፤ ኖልፋም ለእኔ። “ቁልቁለቱን ብቻዬን አልደፍረውም፣ ከኋላ ተቀመጥልኝ” አለችኝ።

ሩፊና ጥቁር መነጽር አድርጋ ከበሯ ወጣች። መኪናው የማን እንደሆነ የገባት ከገባች በኋላ ነው።

“ደህና አደርሽ አበልጄ” አለች ኖልፋ።

“ደህና” አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እንደዚያ ግማሽ ሰዓት ሄድን።

ወደ መጀመሪያው ቅስት ስንቃረብ አንድ ነገር ከስፖኪዮው ጀርባ ሾልኮ ዱብ አለና ሩፊና ጭን ላይ አረፈ። ሩፊና ዳሰሰችው። አገላበጠችው። የማጣበቂያው ሽፋን አልተላጠም ነበር።

“አበልጄ” አለች ቀስ ብላ፣ “ስንት ሰው መኪና ላይ ለጠፍሽ?”

“አራት ሺህ ያህል” አለች ኖልፋ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

“የራስሽን ግን ረሳሽው።”

መጀመሪያ የሳቀችው ሩፊና ናት። ሳቁ ሲይዛት መነጽሯ ወደቀ፤ ኖልፋም ሳቅ አላስነዳ ብሏት ዳር ይዛ ቆመች። በኋላ ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔ ወርጄ ጎማ የማይ መሰልኩ።

“ንጂ እንጂ፣ ቀጠሮዬ ያልፋል” አለች ሩፊና አፍንጫዋን እየጠረገች። ሽፋኑን ላጠችና ታጉን ራሷ ከስፖኪዮው ጀርባ ለጠፈችው። “እስከ ስንት ነው የሚቆጠረው?”

“እስከ ሠላሳ።”

ጮክ ብላ ቆጠረች። በቅስቱ ሥር ስናልፍ ሳጥኗ ጢጥ አለች፤ ሩፊና “ዝም በይ አንቺ” አለቻት።

ዓይኗ ደህና ሆነ። ዛሬ ኖልፋ በሳምንት ሁለት ቀን የሠፈሩን ሽማግሌዎች ሆስፒታል ታደርሳለች። ሩፊና ከጎኗ ተቀምጣ ፍጥነት ጨመርሽ፣ ቀነስሽ እያለች ትጨቃጨቃታለች።