ድንቡሼን ማን ምን ቀባው?

ላውንደሪዋ እያልን ነው የምንጠራት። የምትሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነዋ! ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ትውልና፣ ማታ እግሯን እየጎተተች ትገባለች። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ መጣ ሲሉት ሄደ ነው። የምትኖረው ከግቢያችን ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ነው። የኔ በር ደግሞ ከቧንቧው ፊት ለፊት ነው። ውኃ የማይቀዳ ሰው የለም፤ ስለዚህ እኔ የማላየው ሰው የለም።

ልጇን ድንቡሼ እንለዋለን፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ይኸው ልጅ ከጉልበቱ ጀርባ፣ ከክርኑ መታጠፊያ፣ ከአንገቱ ሥር ቀይ ሽፍታ ወጣበት። ይቀላል፣ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ተመስገን ሊባል ሲል ተመልሶ ይመጣል። እናቱ ሳሙና ቀየረች። አንሶላ ቀየረች። እንቁላል ከለከለች፣ ወተት ከለከለች። ኧረ ምኑም! ጥፍሩን ስትቆርጥለት ከወንበር እግር ጋር ይታከካል። እጁ ላይ ካልሲ ስታጠልቅለት በጥርሱ ጎትቶ ያወልቅና ይስቅባታል። እንቅልፍ ሲወስዳት እንኳ እንዳያክ እጁን እንደያዘች ነው። ዓይኗ ሥር ጠቁሮ የተኳለች ትመስል ነበር።

ይህ ሁሉ ሳያንሳት የሕፃናት ማቆያዋ ኃላፊ በር ላይ አቆመቻት።

«እህቴ፣ እናቶቹ አጉረመረሙብኝ። አይጋባም የሚል የሐኪም ወረቀት እስክታመጪ ልጁን አልቀበልም።»

«ይኸው ስንት ጊዜው፣ በኔ ላይ መቼ ተጋባ?»

«እሱን ለሐኪሙ ንገሪው።»

የሥራ ቦታዋ አለቃ ደግሞ ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ከቀረሽ በቦታሽ ሌላ አስገባለሁ ብላታለች። ልጁን ትታ ሥራ አትሄድ፣ ይዛው አትሄድ፣ እዚያ በእንፋሎቱ ይቀቀልባታል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው? ጎረቤት ለመነች።

ጎረቤት ደግሞ አላሳፈራትም። ጠዋት አከራያችን፣ ከምሳ በፊት ጡረተኛው አስተማሪ፣ ከምሳ በኋላ ጸጉር ሠሪዋ ሊይዙላት ተስማሙ። እኔ ጉልበቴ ስለማይታዘዘኝ ልጅ ማባረር አልችልም፤ በዓይኔ ነው የምጠብቀው።

በዕረፍት ቀኗ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግን ቁም ነገረኛ። ገልብጦ አገላብጦ አየውና፣ «ከምን እንደመጣ አላውቅም። ለጊዜው ለብ ባለ ውኃ እጠቢው እንጂ ምንም፣ ምንም ነገር አትቀቡት። ቆዳው አርፎ ልየውና ወረቀቱን እጽፍልሻለሁ» አላት። መጥታ ቧንቧው ጋ ለሁሉም ነገረቻቸው። ሁሉም እሺ አሉ። አቤት እሺታቸው!

ሽፍታው ግን ባሰበት። ወደ ፊቱ ወጣ። ልጁ ሲያለቅስ እሷ እንባ እንኳ አልወጣ አላት፤ ደርቃ ቀረች።

ለሁለተኛው ቀጠሮ እኔም ጉልበቴን ላሳይ ብዬ አብሬ ሄድኩ። ሐኪሙ ድንቡሼን ጠጋ ብሎ አሸተተው።

«ምንድነው የሚሸተኝ? ነጭ ሽንኩርት ነው?»

«ኧረ ምንም የለውም» አለች።

«ሽቶም ይሸታል። ምን ቀባሽው?»

«ልጄን ይንሳኝ፣ ምንም አልቀባሁትም!»

አንጀቴን በላችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ የገዛ ልጇን ነገር የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። «ልጄ» አልኩት ሐኪሙን፣ «ጠዋት ጠዋት አከራይዋ የነጭ ሽንኩርት ውኃ ታሸዋለች። አስተማሪው ተራው ሲደርስ፣ ይህ ሳይንስ አይደለም ይልና በአልኮል ይጠርገዋል። ጸጉር ሠሪዋ ደግሞ ምስኪን ደረቀ ብላ የጸጉር ቅባት ትለቀልቀዋለች፤ ያቺ የምትሸትህ እሷ ናት።»

ሐኪሙ ሳቁን ሊውጥ ጎንበስ አለ። እሷ ግን ዞራ አየችኝ።

«እማማ፣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ እያወሩልኝ፣ ይህችን ብቻ እንዴት ረሷት?»

«አንቺ ያዘዝሽው መስሎኝ ነዋ! ደግሞ መቼ ጠየቅሽኝ?»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። የመቆጫ አቅም እንኳ አልነበራትም፤ ልጁን አቅፋ ግድግዳውን ተደገፈች። ሐኪሙ ሽታ የሌለው ነጭ ቅባት ሰጣትና፣ «ይህን ብቻ፤ ደጋግመሽ ብትቀቢው አይጎዳውም» አላት። «ይህ ሁሉ ሰው ሲለቀልቀው እኔ ምኑን ልመርምር?»

መንገድ ላይ ልጁን አዝላ እየሄደች፣ «እማማ፣ ብቆጣቸው ልጁን ማን ይይዝልኛል?» አለችኝ። «ዝም ብላቸው ደግሞ ልጄ ማለቁ ነው።»

«ምንም አትቀቡት ብለሽ ንገሪያቸው እንደገና።»

«ነግሬያቸው ነበርኮ። አሁን ብጠይቃት አከራይዋ፣ ሽንኩርት ደግሞ መድኃኒት ነው እንዴ ነው የምትለኝ። ጸጉር ሠሪዋም ቅባት ነው እንጂ ምን ቀባሁት ትላለች። ልጅ ሲያሳክከው እያዩ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አይችሉም። እኔስ መቼ ቻልኩ?»

ታዲያ ቤት ገብታ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የሐኪሙን ቅባት በሦስት ትናንሽ ብልቃጥ ከፋፈለችው! መጀመሪያ አከራይዋን ቧንቧው ጋ ለብቻዋ ጠራቻት። በሬ ክፍት ነው፣ ጆሮዬም አብሮ ክፍት ነው።

«እትዬ፣ ይህ መድኃኒት ብርቱ ስለሆነ ለሁሉም ሰው አይታመንም። ሐኪሙ እጇ ቀላል የሆነ አንዲት ሴት ብቻ ትቀባው ብሎኛል። ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ከሌላ ነገር ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ይበላሻል።»

«በሞትኩት! ለማን ልነግር?» ብላ በነጠላዋ ሥር ሸሸገችው።

ለአስተማሪው፣ «ጋሼ፣ መጠኑን የሚያውቅ የተማረ ሰው ያስፈልገዋል» አለችው። መነጽሩን አስተካክሎ እንደ ደመወዝ ተቀበላት። ለጸጉር ሠሪዋ ደግሞ ከአንቺ በቀር ስለ ቅባት ማን ያውቃል አለቻት። ሁለቱንም ለማንም እንዳይነግሩ፣ ከሌላ ነገርም እንዳይቀላቅሉ አደራ አለቻቸው።

ማምሻውን እኔ ጋ መጣችና በርጩማዬ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ሰምተዋል አይደል?»

«አልደነቆርኩም።»

«እንግዲህ እማማ፣ ልጄ በርስዎ ምላስ ላይ ነው ያለው።»

እንዲህ ያለ ግፍ በኔ ላይ ደርሶ አያውቅም! ሦስት ምስጢር በሆዴ ይዤ ቧንቧው ጋ መዋል! አከራይዋ ትመጣና «እኔ ጋ አንድ ነገር አለ፣ ግን አልናገርም» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። አስተማሪው «የሚያውቅ ያውቃል» እያለ ያልፋል። ጸጉር ሠሪዋ በዓይኗ ትጠቅሰኛለች። ምላሴን ነክሼ ነክሼ ሊቆረጥ ደረሰ። ሲብስብኝ ስለ ባለ ሱቁ ሚስት አወራለሁ።

ልጁ ከቀን ወደ ቀን በረደለት። ዳነ አልልም። ፊቱ ጠራ፣ አንገቱ ጠራ፣ ከጉልበቱ ጀርባ ግን መቅላቱ አልተወውም። ሐኪሙ ሲያየው፣ «ምክንያቱን አሁንም አላውቅም፤ ሊመለስ ይችላል። ሰው ላይ ግን አይጋባም» ብሎ ወረቀቱን ጻፈላት። ሦስቱም በየተራ መጥተው ያዳንኩት እኔ ነኝ ብለው ሹክ አሉኝ። እኔም በየተራ መረቅኳቸው።

ማቆያው ከግቢያችን ማዶ ስለሆነ በማግስቱ ጠዋት አብሬያት ተሻገርኩ። ኃላፊዋ ወረቀቱን አንብባ የልጁን ሱሪ ገለጥ አደረገች።

«ይህስ?»

«አልጠፋም» አለቻት ላውንደሪዋ። «ከምን እንደመጣ እኔም አላውቅ፣ ሐኪሙም አያውቅ። አይጋባም፤ የምናውቀው ይህን ብቻ ነው። ሲያሳክከው ይህን ቅባት ቀቢልኝ፤ ሌላ ምንም አትቀቢው። ምንም።»

ሴትየዋ ሱሪውን መልሳ ድንቡሼን ከእጇ ተቀበለቻት። ገብቶ ከልጆቹ ጋር ሲቀላቀል ዞሮም አላያት።

በሩ ሲዘጋ ላውንደሪዋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ነይ እንጂ፣ ሥራ አትሄጂም?»

«እሄዳለሁ እማማ። ትንሽ ልረፍ» ብላ ግድግዳውን ተደግፋ እዚያው እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ሰው እያየን ያልፋል። አንዷ የማውቃት ሴት «ምን ሆና ነው?» ብላ ልታወራ ቆመች፤ በእጄ ሂጂ ሂጂ አልኳት። የሥራ ሰዓቷ ሊያልፍባት ሲል ትከሻዋን ነካ አደረግኳትና ተነሥታ ሄደች።